ፀሓይን ለሌሊት ማቆየት፤ የመሐንዲሷ የሶስና ኃይሌ ሕይወትና ሥራ

ከደባርቅ ተነሥቶ በቡይት ራስ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከሳንቃ በር ሲደርስ፣ በግራው ልብ የሚያርድ ገደል፣ በቀኙ አስታ የለበሰ ተረተር ይዞ ሲቆም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው የፀሓይዋን ጠባይ ነው። አየሩ ስስ፣ ሰማዩም በበጋ ወራት ጥርት ያለ በመሆኑ፣ በመዓልት ጨረሯ ሳይጣራ ወርዶ ፊትን ይለበልባል፤ ነገር ግን ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል፣ የጭላዳውም መንጋ ግጦሹን ትቶ ለማደሪያ ወደ ገደሉ መውረድ ሲጀምር፣ ሙቀቱ አብሯት ይሸሻል፣ ሌሊቱም ውርጭ ያወርዳል። ከጥቂት ሰዓት በፊት ያን ያህል ብርሃን በፈሰሰበት በዚያው መስክ ላይ፣ ሰው ጋቢውን ደራርቦ፣ እንጨት ያገኘ እንደ ሆነ እሳቱን ከቦ ይቀመጣል። ቀን የተረፈውን የፀሓይ ኃይል ለሌሊት ማኖር የሚቻለው በምን ብልሃት ነው? ይህ ጥያቄ፣ ከዚህ ተራራ በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ አገር የሚያስተምሩ፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆኑ አንዲት መሐንዲስ የምርምር ዘመናቸውን የሰጡለት ጥያቄ ነው፤ እርሳቸውም ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ከሳንቃ በር ወርዶ በደባርቅና በዳባት መካከል ካሉት የገጠር ቤቶች በአንዱ ማድቤት ደጃፍ ጥቂት ይቁም። ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ምጣድ፣ ከሥሩ ጭራሮና ኩበት አለ፤ የቤቱ እመቤት በጎመን ዘር ምጣዱን አስሳ፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትደፋለች፣ ጎንበስ ብላም እሳቱን እፍ ትላለች፤ ጭሱ ወደ ጣራው ወጥቶ፣ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ በፊቷ ላይ ይወርዳል። «አንቺ ልጅ፣ ከደረቁ ኩበት ሁለት አቀብዪኝ» ስትል ልጅቱ ከግድግዳው ሥር ከተደረደረው አንሥታ ታቀብላታለች፤ ለእንግዳውም «ይግቡ እንጂ፣ ብቻ ጭሱ እንዳይጎዳዎት ከበሩ ጠጋ ብለው ይቀመጡ» የሚል ቃል አይታጣም። ያ ኩበት በእርሻው ላይ ቢበተን ለገብሱ ምግብ በሆነ ነበር፤ ወደ ምድጃ ሲገባ ግን ማሳው ይራባል፣ ገበሬውም የጎደለውን በማዳበሪያ ለመተካት ገንዘብ ሲፈልግ ይኖራል። በአንዳንዱ ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር ተሰቅሎ ይታያል፤ እርሱም ለአንድ ሁለት አምፖልና ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ይበቃል፣ ምጣድ ለማጋል ግን ጉልበት የለውም፤ ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላም «ባትሪው ደከመ» ይባልና ቤቱ ወደ ኩራዝ ይመለሳል። ባትሪ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ያረጃል፤ ነዳጅ ግን ተቀምጦ ቢከርም ኃይሉ እንዳለ ነው። የፀሓይን ኃይል ነዳጅ አድርጎ ማኖር፣ ያንንም ነዳጅ ያለ ጭስና ያለ ነበልባል ወደ ኤሌክትሪክ መመለስ፤ የፕሮፌሰር ሶስና ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

ሶስና የተወለዱት በ1966 በአዲስ አበባ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምናነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አባታቸው ነፍስ ኄር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የግዕዝን ሥነ ጽሑፍ ለሚወድ ሰው ይህ ስም ማብራሪያ አያሻውም። በሸንኮራ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በካይሮ ተምረው፣ በ1962 በጀርመን አገር ከቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕረግ ተቀብለው የተመለሱ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። በ1975 በጥቅምት ወር ግን፣ የወታደራዊው መንግሥት ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ከሞት አፋፍ ተመልሰው ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 2021 ድረስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ኖሩ። አባታቸው በተመቱ ጊዜ ሶስና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ስደት በሰው ዕድሜ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በዚህ ዕድሜ ይመስለኛል፤ ሕፃኑ የሆነውን ሁሉ ለማስታወስ የበቃ፣ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ያልበሰለ ነውና።

ቤተሰቡ ያረፈባት ኮሌጅቪል በሚኒሶታ የምትገኝ፣ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ መነኰሳት ገዳምና የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ያሉባት፣ ክረምቷ ሐይቅ የሚያረጋ ስፍራ ናት። በዚያ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺሕ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ተከማችተው ነበር፤ ፕሮፌሰር ጌታቸውም ፊልሙን በማንበቢያው መሣሪያ ላይ እያሳለፉ፣ የመጽሐፉን ይዘት፣ የጸሓፊውን ስም፣ በኅዳጉ የሰፈረውን የርስት ውልና የነገሥታት ማስታወሻ ሳይቀር እየለቀሙ ለዓለም ሊቃውንት የሚያገለግል ካታሎግ አዘጋጁ፤ በ1988ም ማካርተር የተባለውን ከፍ ያለ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን የምተርከው የአባትን ዝና ለልጅ ለማውረስ አይደለም፤ የሶስና ሥራ በራሱ የቆመ ነውና። ነገር ግን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈውን ጥቃቅን ምልክት ቁጭ ብሎ መመርመር፣ ከዚያም ምልክት የነገሩን ሥርዓት ማውጣት፣ በዚያ ቤት የዕለት ተዕለት ሥራ እንደ ነበር ልብ ማለት ይገባል።

ሶስና በ1983 በኮሌጅቪል የቅዱስ ዮሐንስ መሰናዶ ትምህርት ቤትን ጨርሰው፣ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤም አይ ቲ ወደሚባለው፣ ገቡ። በ1986 በቁስ ሳይንስና ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1988 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከበርክሊ ሁለተኛውን፣ በ1992ም ከዚያው ከኤም አይ ቲ የዶክትርናውን ማዕረግ አገኙ። በእነዚያው ዓመታት ለምርምር ወደ ጀርመን ሄደው በስቱትጋርት በማክስ ፕላንክ የጥጥር ቁስ ምርምር ተቋም ሠሩ፤ አባት ከሠላሳ ዓመት በፊት የተማሩባት ቱቢንገን ከዚያ ከተማ ሩቅ አይደለችም። ከዚያ በኋላ ያለው የማስተማር ጉዞ በአጭሩ ሊነገር ይችላል፦ ከ1993 እስከ 1996 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1996 እስከ 2015 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ማለት በካልቴክ፣ ከ2015 ወዲህ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ።

በደባርቅ አገር መሐንዲስ ሲባል ቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀደደው የሊማሊሞ መንገድ ነው፤ ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርደውን ያን መንገድ ያየ ሰው፣ ምሕንድስና ማለት ድንጋይ መፈንቀልና ድልድይ መዘርጋት ነው ቢል አይፈረድበትም። የቁስ መሐንዲስ ግን ድንጋዩን ከመፈንቀሉ በፊት ድንጋዩ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው፤ አቶሞቹ በምን ሥርዓት ተሰልፈዋል፣ በሙቀት ጊዜ ሥርዓታቸው እንዴት ይለወጣል፣ በመካከላቸውስ ምን ሊያልፍ ይችላል ብሎ ይመረምራል። የፕሮፌሰር ሶስና የዕድሜ ልክ ጥያቄ ይህ ሦስተኛው ነው።

የነዳጅ ሴል፣ ወይም ፊውል ሴል የሚባለው መሣሪያ አዲስ አይደለም፤ የዌልስ ተወላጁ ዊልያም ግሮቭ መሠረተ ሐሳቡን በ1839 ያሳየው ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ጨረቃ የተጓዙት የአፖሎ መንኰራኵሮች ኤሌክትሪካቸውንና የመጠጥ ውሃቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ወገን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ወገን የአየር ኦክሲጅን ይገባል፤ በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ግድግዳ ይቆማል። ሃይድሮጅኑ ፕላቲነም ባለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ኤሌክትሮኑ በግድግዳው ማለፍ ስለማይችል በሽቦ ዞሮ ይሄዳል፣ በመንገዱም አምፖል ያበራል፣ ሞተር ያዞራል፤ ፕሮቶኑ ግን በግድግዳው ውስጥ አልፎ፣ በማዶ ከኤሌክትሮኑና ከኦክሲጅኑ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። ሊቃውንቶቻችን ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት መዋሐዱን ሲያስተምሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑት እሳትና ውሃ በአንድነት መኖራቸውን ያደንቃሉ፤ በዚህ መሣሪያ ነፋስ ገብቶ፣ የእሳት ኃይል ወጥቶ፣ ውሃ ሲቀር ያየ ሰው ያን ትምህርት ማሰቡ አይቀርም።

ችግሩ ሁሉ ያለው በግድግዳው ላይ ነው። ከፕላስቲክ ወገን የሆነው ግድግዳ ፕሮቶን የሚያሳልፈው ውሃ እንደ ጠጣ ሲኖር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከውሃ መፍያ በታች ባለ ሙቀት መኖር ግድ ይሆንበታል፤ በዚያም ሙቀት በነዳጁ ውስጥ ጥቂት የካርቦን ሞኖክሳይድ ቢገኝ ፕላቲነሙ ይመረዛል። ከሸክላ ወገን የሆነው ደግሞ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልጋለ በደንብ አይሠራም፤ ያን ያህል ሙቀት የሚችል ብረትም ውድ ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ባዶ ስፍራ ነበር። ሶስና ዐይናቸውን የጣሉት በዚህ ባዶ ስፍራ ላይ ነው፤ የመረጡትም ጥጥር አሲድ የሚባለውን፣ ግማሹ ጨው ግማሹ አሲድ የሆነውን፣ ሲዝየም ሃይድሮጅን ሰልፌትንና ዘመዶቹን ነበር።

ይህ ቁስ በተራ ሙቀት ሲታይ ከማንኛውም ጨው የማይለይ ነው። ወደ 141 ዲግሪ ሲደርስ ግን፣ ሳይቀልጥ፣ ጥጥር እንደ ሆነ፣ ፕሮቶን የማሳለፍ ኃይሉ በድንገት ከሺሕ እጥፍ በላይ ይጨምራል። ምሥጢሩ በአቶሞቹ አቋቋም ላይ ነው፤ አንድ ሰልፈር በመሐል፣ አራት ኦክሲጅን በማዕዘን ሆነው የቆሙት ቡድኖች፣ ከዚያ ሙቀት በላይ ቦታቸውን ሳይለቁ መሽከርከር ይጀምራሉ። በደቦ የድንጋይ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ተሰልፈው ድንጋይ ሲቀባበሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ከስፍራው ሳይነቃነቅ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀበላል፣ ወደ ፊት ዞሮ ያቀብላል፤ ድንጋዩም ማንም ሰው ሳይራመድ ከካቡ ይደርሳል፤ ፕሮቶኑም በዚህ አኳኋን ከቡድን ወደ ቡድን ይሻገራል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ ቡድኑ በአንድ ሴኮንድ መቶ ቢሊዮን ያህል ጊዜ ሲዞር፣ ፕሮቶኑ የሚተላለፈው ቢሊዮን ያህል ጊዜ ነው፤ ብዙው ዙር ባዶ እጅ የሆነ ዙር ነው ማለት ነው።

የሶቪየት ሊቃውንት ይህን ጠባይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገልጸውት ሳለ፣ ለነዳጅ ሴል ይሆናል ብሎ የሚደፍር ያልበዛው ያለ ምክንያት አልነበረም፦ ጨው በውሃ ይሟሟል፣ የነዳጅ ሴል ደግሞ ውሃ ይወልዳል። የሶስና መልስ፣ ከተነገረ በኋላ ቀላል የሚመስል፣ ሳይነገር ግን ለብዙዎች ያልታየ ነበር፤ ሴሉ ከመቶ ዲግሪ በላይ የሚሠራ ከሆነ የሚወለደው ውሃ እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ጨውን አያሟሟም። በ2001 በሚያዝያ ወር፣ አባታቸው የፀሓይንና የጨረቃን ዑደት ስለሚያሰላው ስለ ባሕረ ሐሳብ የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ በታተመ ማግሥት፣ ልጃቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር በ150ና በ160 ዲግሪ መካከል የሚሠራውን የጥጥር አሲድ ነዳጅ ሴል ኔቸር በተባለው መጽሔት ለዓለም አስታወቁ።

ወዲያው ሌላ እንቅፋት መጣ። ሃይድሮጅኑ ሰልፌቱን እየበላ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይፈጥር ጀመር፤ ሴሉም አይሰነብትም ነበር። ሰልፌቱን ትተው ወደ ፎስፌት ዞሩ፤ ፎስፌቱ ደግሞ ወደ 230 ዲግሪ ሲቀርብ በውስጡ ያለውን ውሃ እየጣለ ይፈራርስ ነበር። መድኀኒቱ በዙሪያው ያለውን አየር በልክ በተመጠነ እንፋሎት መሙላት ሆነ፤ ውሃውን ሊጥል የሚሻው ቁስ፣ ዙሪያው ሁሉ እንፋሎት ሲሆን ውሃውን ይዞ ይቆያል። ይህም በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። በመጀመሪያ ከውሃ እንዲጠበቅ የተፈራለት ነገር በመጨረሻ በውሃ መዳኑን ሳስበው፣ ከዚህ ምርምር ሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ይህ ነው፤ የተመራማሪዋንም ጠባይ ከማንኛውም ምስክርነት ይልቅ የሚያሳየን እርሱ ይመስለኛል፤ ተቃውሞውን ሸሽተው ሳይሆን ውስጡ ገብተው ነው የመለሱት። ኒውስዊክ መጽሔት በ2008 ሥራቸው ሊታይ ይገባል ካላቸው ዐሥራ ሁለት ሰዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራቸው፤ በላብራቶሪያቸው የሠለጠኑ ሰዎችም ሴሉን ለገበያ ለማብቃት በካሊፎርኒያ ድርጅት አቋቁመዋል።

ነዳጁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው ይህ ከሆነ፣ ፀሓይን ወደ ነዳጅ የሚለውጠውስ? በዚህ በኩል ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው ቁስ ይገባል። ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ የመዳብን ያህል የሚገኝ ነው፤ በቀድሞው ዘመን በማሾ ፋኖስ ላይ ይታሰር በነበረው፣ እሳት ሲነካው ነጭ ብርሃን በሚሰጠው ስስ ከረጢት ውስጥም ጥቂት ይጨመርበት ነበር። ይህ ቁስ የተሰበሰበ የፀሓይ ጨረር ወርዶበት ወደ 1,500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲግል፣ አካሉ ሳይፈርስ ከኦክሲጅኑ ከፊሉን ወደ ውጭ ይተነፍሳል፤ ወደ 900 ዲግሪ ሲበርድ ደግሞ የጎደለውን ኦክሲጅን ለመሙላት ይጠማል፤ ያን ጊዜ እንፋሎት ቢያሳልፉበት ኦክሲጅኑን ከውሃው ነጥቆ ሃይድሮጅኑን ይለቅቃል። ፕሮፌሰር ሶስና፣ ተማሪያቸው ዊልያም ቹ፣ በስዊዘርላንድም አልዶ ሽታይንፌልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ቁሱ ይህን ማጋልና ማብረድ 500 ጊዜ ተደጋግሞበት ሥራውን አለማቋረጡን አሳዩ። ወደ ነዳጅነት የተለወጠው የፀሓይ ኃይል ከመቶ 0.7 እስከ 0.8 እጅ ብቻ ነበር፤ ይህንንም በግልጽ ጻፉት፤ አብዛኛው ሙቀት የባከነው ከቁሱ ድክመት ሳይሆን ከመሣሪያው አነስተኛነትና አሠራር መሆኑን አብረው አስረዱ። በትንሽ ቍጥር ሳያፍሩ ቍጥሩ ትንሽ የሆነበትን ምክንያት መመርመር፣ እውነተኛ የሳይንስ ሥነ ምግባር ነው።

ይህን ዕውቀት ለወጣቶች ለማካፈልም ፕሮፌሰር ሶስና በ2012 በታኅሣሥ ወር ወደ ትውልድ ከተማቸው መጡ። ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ከፕሮፌሰር ሳይመን ቢሊንጅ ጋር ሆነው በመሠረቱት፣ በምሕጻር ጁዋሚ በሚባለው የጋራ ጥረት፣ ከአፍሪካና ከአሜሪካ የተውጣጡ ወጣት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ኃይል ምንጭ ቁሶች ተማሩ፤ በ2016ም ጉባኤው በታንዛንያ በአሩሻ ቀጠለ። ዛሬ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ወደዚያ የምትገባ የስሜን ልጅ ከቤቷ የምታመጣው ዕውቀት ቀላል አይደለም፤ የትኛው ኩበት እንደሚጨስ፣ የትኛው እንጨት ፍሙ እንደሚቆይ፣ ምጣድ ምን ያህል እንደሚግል ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ የቁስ ምሕንድስና የሚጀምረውም እንዲህ ካለው ዕውቀት ነው፤ ይህን ሊነግራት የሚገባው መምህሯ ነው።

ምርምሩ በ2020 ወደ አሞኒያ ተሻግሯል። የዳባት ገበሬ በጆንያ የሚገዛው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ የአንድ ናይትሮጅንና የሦስት ሃይድሮጅን ውሕድ ሲሆን፣ ሃይድሮጅን ብቻውን ፈሳሽ ለመሆን እጅግ ብርቱ ቅዝቃዜ ሲጠይቅ፣ እርሱ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ሆኖ በታንከር ይጓዛል። ስለዚህ በፀሓይ ኃይል የተገኘ ሃይድሮጅን በአሞኒያ መልክ ቢቀመጥ፣ አንዱ ቁስ ለማሳውም ለመብራቱም ሊውል ይችላል ማለት ነው። የቀረው ሃይድሮጅኑን መልሶ ማውጣት ነበር፤ የፕሮፌሰር ሶስና ቡድን ይህን በዚያው በፎስፌቱ ግድግዳ፣ በ250 ዲግሪ ሙቀት አደረገው። አሞኒያው በአንድ ወገን ገብቶ ይበተናል፤ በግድግዳው የሚያልፈው ፕሮቶን ብቻ ስለ ሆነ ናይትሮጅኑ በኋላ ይቀራል፣ በማዶ የሚወጣውም ሃይድሮጅን ሌላ ማጣሪያ ሳያስፈልገው ንጹሕ ነው። የጥጥር አሲድ ሴሎች ዋጋ ግን ገና ከፍ ያለ ነው፤ ኦክሲጅኑ በሚገባበት ወገን የሚፈለገው ፕላቲነም ብዙ ነውና። ያን ፕላቲነም መቀነስ፣ ቢቻልም በርካሽ ቁስ መተካት፣ ዛሬም በመስኩ ብዙ ተመራማሪዎችን የያዘ ሥራ ነው።